የደረጃው ግፊት

ትክክለኛ ስሟን ከመታወቂያዋ በቀር የሚያውቀው የለም። እናቶቹ ሁሉ «ሲስተር ተንፍሺ» ነው የሚሏት። በጤና ጣቢያው ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የነፍሰ ጡሮችን የደም ግፊት ስትለካ «ተንፍሺ እናቴ፣ ተንፍሺ» የሚለው ቃል ከአፏ ጠፍቶ አያውቅም። በየጠዋቱም ወረፋ ለያዙት «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!» እያለች ትመክራለች። ምክሩ ለሌላ ሰው ነበር።

ደግ ናት፤ ደግነቷ ግን መላ ያጣ ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለባት «ይሄ የደረጃው ግፊት ነው፣ አትደንግጪ» ትልና አሳርፋ እንደገና ትለካለች። አሁንም አልወርድ ካለ ቀልድ ጣል ታደርጋለች፤ «ባልሽ ነው እንዴ ያናደደሽ? አምጪውና እሱን እንለካው!» እናትየዋ ትስቃለች፣ ሦስተኛው ቁጥር ዝቅ ይላል፣ እሷም ዝቅተኛውን ብቻ ትጽፋለች። ነፍሰ ጡር በቁጥር መደንገጥ የለባትም ባይ ናት።

አምና የጤና ጣቢያው ዶክተር ለአደጋ በተጋለጠ እርግዝና ላይ ጥናት ሲጀምር፣ ቅጹ ለመጀመሪያው ልኬት አንድ፣ ለሁለተኛው አንድ ሳጥን ነበረው። እሷ ሁለቱም ላይ ያንኑ ዝቅተኛውን ትሞላለች።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ዶክተሩ ወረቀት ይዞ ገባ።

«ሲስተር፣ የግፊት መለኪያዎ ተበላሽቷል መሰለኝ።»

«ኧረ በጭራሽ! ባለፈው ወር ነው የተፈተሸው።»

«እንግዲያ ይሄን ይዩልኝ። በስድስት ወር ውስጥ አራት እናቶች ግፊት ጨምሮባቸው ቤታቸው ሳሉ ራሳቸውን ስተው ተንቀጥቅጠዋል። አንዷ ልጇን አጥታለች። አራቱም የተለኩት እዚህ ነው፤ በቅጹ ግን የአራቱም ግፊት ደህና ነው።»

ወረቀቱን ተቀበለች። የገዛ እጅ ጽሑፏ ነው። ልጇን ያጣችውን አስታወሰቻት፤ ያቺ ሳቅ የሚቀናት አስተማሪ! ከመሳቋ በፊት ቁጥሩ ስንት እንደነበርም ትዝ አላት። እናንተዬ፣ ሰው ደግ ሠራሁ ያለውን እንዲህ ሲያየው ምን ይውጠዋል? የታካሚዎቹ ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

ከዚያ ታናሽ እህቷ ድቅን አለችባት። የስምንት ወር እርጉዝ ናት። ያን ዕለት ጠዋት «እትዬ፣ ራሴን ፈለጠኝ፣ ዓይኔም ብዥ አለብኝ» ብላ መጥታ ነበር። መቶ ስልሳ ስምንት። ዕረፍት፤ መቶ ሃምሳ ስድስት። ቀልድ፤ መቶ ሠላሳ ስምንት። «ምንም የለብሽም፣ ሂጂና ተኚ» ብላ ሸኝታታለች።

ጋዋኗን ሳታወልቅ በረረች። ሁለት መንገድ ተሻግራ በሩን ስትደበድብ እህቷ ፊቷ አብጦ፣ ግንባሯን ይዛ ከፈተችላት።

«ነዪ፣ ቶሎ እንሂድ!»

«ምነው እትዬ? አንቺው አይደለሽ እንዴ ደህና ነሽ ያልሽኝ?»

«ዋሸሁሽ! መቶ ስልሳ ስምንት ነበር። ደበቅኩሽ።»

እህቷ እንዲህ ያለውን ነገር ከእትዬ አፍ ሰምታ አታውቅም። ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ተከተለቻት።

ጤና ጣቢያው እንደደረሱ ዶክተሩ የመለኪያውን ጨርቅ ክንዷ ላይ ሲጠቀልል፣ እህቷ ዓይኗን ጨፈነች።

«ቆይ ዶክተር፣ መጀመሪያ ልተንፍስ። እትዬ እንዲህ ነው ያስለመደችኝ።»

«እንዳለ ይለካ!» ብላ ጮኸች ሲስተር ተንፍሺ። ኮሪደር ላይ ያሉት እናቶች ሁሉ ዞሩ።

መቶ ሰባ ሁለት። ደግሞ ሲለካ መቶ ሰባ አራት። ዶክተሩ መንቀጥቀጡን የሚከላከለውን መርፌ አስቸኩሎ አዘዘ፤ እህቷን አስተኝተው የፅንሱን የልብ ምት ማዳመጥ ጀመሩ። ይመታል። ሲስተር ተንፍሺ እሱን እስክትሰማ አልተንቀሳቀሰችም።

ከዚያ የእህቷን የጠዋት ቅጽ አንስታ በሁለቱም ሳጥን ያለውን መቶ ሠላሳ ስምንት ሰረዘችው። በመጀመሪያው መቶ ስልሳ ስምንት፣ በሁለተኛው መቶ ሃምሳ ስድስት ብላ ጻፈች።

«የአራቱንም ቅጽ ይስጡኝ፣ የማስታውሰውን ልጻፍ» አለች። «መለኪያው ምንም አልሆነም፣ ዶክተር። እኔ ነኝ።»