የጋሽ መሰላል ጭን

ጋሽ መሰላል የሚሉት ቁመቱ መሰላል ስለሚያክል፣ ከመሰላልም ስለማይወርድ ነው። የሕንፃ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን የቀኝ ጭኑ ውጫዊ ጎን ይደነዝዘው፣ ቆይቶም ፍም እንደነካው ያቃጥለው ጀመር። ጭኑን ቢያገላብጥ እብጠት የለ፣ ቁስል የለ። ቅባት ቢቀባውም ያው ነው። ሰዎች ከወገብህ ነው ሲሉት ይብስ ግራ ገባው፤ ወገቡን አሞት አያውቅም። ቢሆንም ወገብ ሲጠብቅ እግር ይጸናል ብሎ፣ ፒንሳውና ካቻቢቴው የሚንጠለጠሉበትን ቀበቶ ባመመው ቁጥር አንድ ቀዳዳ ያጠብቀው ነበር።

ያስፈራው ሕመሙ ሳይሆን መሰላሉ ነው። እላይ ሳለ እግሩ ቢከዳውስ? ሚስቱ በበኩሏ ነገሩን ቆርጣለች፤ ከመሰላል ወርዶ በወንድሟ ሱቅ አምፖል ይሽጥ ባይ ናት።

«አምፖል ስሰቅል ሸበትኩ፤ አሁን በጋዜጣ ልጠቅልል?»

«ከላይ ወድቀህ እኔ አንተን በአንሶላ ከምጠቀልል» አለችው። በማግስቱ ተያይዘው ሐኪም ቤት ሄዱ።

ሐኪሟ ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ መታ አደረገችው፤ እግሩ ተፈናጠረ። ቁጢጥ ብሎ እንዲነሣ ብትለው ያለ ችግር ተነሣ። ጭኑን በጥጥ ስትዳብሰው ግን በውጭ በኩል ጥጡ መንካቱም አልታወቀውም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ወገባችን ውስጥ ያለውን እንይ፤ ድንቅ ነውና። ከወገብ አጥንቶች መሃል የሚወጡት ነርቮች በቀጥታ ወደ እግር አይወርዱም። መጀመሪያ ከአከርካሪው አጠገብ ባለ ወፍራም ጡንቻ ውስጥ ይገናኛሉ፤ አንዱ ከሌላው ክር ይዋሳል፣ ይጎነጎናሉ፣ ከዚያ አዲስ ነርቭ ሆነው ይለያያሉ። አንዱ ወደ ጭን ፊት ወርዶ ጉልበትን የሚዘረጋውን ጡንቻ ያዛል፤ ሌላው ወደ ጭን ውስጣዊ ጎን ይሄዳል። አንድ ቀጭን ደግሞ አለ፤ በዳሌ አጥንት ጫፍ አጠገብ፣ ከጠንካራ ጅማት ሥር ሾልኮ ወደ ጭን ውጫዊ ቆዳ ይዘልቃል። የሚያዘው ጡንቻ የለውም፤ ሥራው የቆዳውን ወሬ ማድረስ ብቻ ነው።

ሐኪሟ ይህን ስታስረዳው ጋሽ መሰላል ራሱን ነቀነቀ። እሱ መስመሮችን እንዲህ ጎንጉኖ መልሶ ቢበትን ኖሮ በዚያው ቀን ያባርሩት እንደነበር ነገራት። ሳቀችና ክሮቹ ቢጎነጎኑም እያንዳንዱ ወሬውን ለብቻው እንደሚያደርስ ገለጸችለት። ከዚያ ዳሌው ላይ፣ ቀበቶው ቆዳውን ያሰመረበትን ቦታ ጫን አለችው። ጭኑ ድረስ እሳት ወረደበት።

«ነርቩን የረገጠው ቀበቶዎ ነው፣ ጋሼ።»

«የተረገጠው ዳሌዬ፣ የሚጮኸው ጭኔ?» ሚስቱን አየ፤ እሷም አልገባትም። ሐኪሟ ነርቩ መንገድ ላይ ሲረገጥ አእምሮ ወሬው ከጭኑ ቆዳ እንደመጣ እንደሚቆጥረው ነገረቻቸው። በመጨረሻ የመጣበትን ጠየቀ። «እግሬ መሰላል ላይ ይከዳኛል?»

«ጉልበትዎን የሚያጸናው ሌላው ነርቭ ነው፤ እሱ ደህና ነው። ቀበቶውን ይፍቱ እንጂ ከመሰላሉ አይውረዱ።»

ከዚያ ወዲህ ቀበቶውን ትቶ ዕቃውን በባልዲ አድርጎ ወደ ላይ በገመድ መሳብ ጀመረ። ባልደረቦቹ ውኃ ልትቀዳ ነው ወይ እያሉ አሾፉበት። ሊያስረዳቸው፣ «ወገቤ ላይ ይጎነጎንና፣ ዳሌዬ ጋ ይረገጥና...» ብሎ ጀመረ፤ መሃል ላይ ተጠላለፈበት። ትቷቸው የባልዲውን ገመድ ይዞ መሰላሉን ወጣ።