«ምንም አይሰማኝም»

ይህ የደረሰብኝ አምና ክረምቱ ሲወጣ ነው። ልርሳው ብል ስልኬ በየጠዋቱ ያስታውሰኛል።

የምኖረው ዓባይ ማዶ ነው፤ ሥራዬ ጣና ዳር የጀልባ ሞተር መጠገን። የሞተር ብልሽት የማውቀው በጆሮዬ ነው። ቀኙ ከሞተ ቆይቷል። የግራው ታምቡር ደግሞ ተቀዶ ኖሮ በቀዶ ጥገና ደፈኑልኝ።

ከሆስፒታል ስወጣ ነርሷ ስልኬ ላይ አንድ ነገር ጫነችልኝ። «ጋሼ፣ ይኼ በየቀኑ የሚጠይቅዎ ማሽን ነው፤ አንብበው ይመልሱለት» ብላ በወረቀት ጻፈችልኝ። ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ዓመቴ ነው። ቀስ ብዬም ቢሆን አነባለሁ።

በማግስቱ ስልኩ «ዛሬ በጆሮዎ ምን ይሰማዎታል?» አለኝ።

አናደደኝ። በጥጥ ተወትፎ ምን ሊሰማኝ ኖሯል? ቢሆንም ፊደሉን አንድ በአንድ ለቅሜ «ምንም አይሰማኝም» ብዬ ጻፍሁ።

«በጣም ደስ ይላል! በጥሩ ሁኔታ እያገገሙ ነው» አለ።

ደነቆርሁ ስለው ደስ ይለዋል! ለባለቤቴ ባሳያት እጇን አወናጭፋ «ተወው፣ እነሱ ያውቃሉ» አለችኝ።

አምስት ቀን ጠየቀኝ፤ አምስት ቀን ያንኑ መለስሁ፤ አምስት ቀን ደስ አለው። በዚህ መሀል ጆሮዬ እስከ መንጋጋዬ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። የሚጠይቀኝ ስለ መስማት መስሎኝ ሕመሙን አልነገርሁትም። ቁስል ነው፣ ማመሙ አይቀርም ብዬ ቻልሁት።

በስድስተኛው ቀን ስነቃ ትራሴ መግል በመግል ሆኗል። ሳልጠየቅ «ያመኛል፣ መግል ወጣ» ብዬ ጻፍሁ። ወዲያው «ዛሬውኑ ሆስፒታል ይምጡ» አለኝ። ለካ ያመኛል ሲሉት ይገባዋል!

ነርሷ ስልኬን ወደ ኋላ እየመለሰች አነበበች። ከዚያ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ምንም አይሰማኝም ብለው ጽፈዋል! የጠየቀዎት ሕመም ነበር» ብላ ጻፈችልኝ።

«ታዲያ ደንቆሮ ሰው ይሰማኛል ብሎ ይዋሽ?» ብዬ ጮህሁባት። መጮሄን ኋላ የነገረችኝ አብራኝ የመጣችው ባለቤቴ ናት፤ እኔማ ድምፄንም አልሰማሁት። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። ነርሷም ሳቋ ሲያመልጣት ፊቷን አዞረች።

የተደፈነው ታምቡር ተበላሽቶ ነበር። እንደገና ይሠራል ተባልሁና ይኸው ወረፋ እየጠበቅሁ ነው። እስከዚያው ሞተር ሲያመጡልኝ እጄን ጭኜ ንዝረቱን እዳስሳለሁ። አንዳንዱን አገኘዋለሁ፣ አንዳንዱ ያመልጠኛል።

ማሽኑን የሚያጠፋልኝ አልተገኘም። ጥያቄውን ግን አስተካክለውታል፤ አሁን «ያመዎታል ወይ?» ነው የሚለው። «አያመኝም» እለዋለሁ። «በጣም ደስ ይላል!» ይለኛል። መናደዱም ታክቶኛል።

ትሰማለህ ወይ ብሎ ግን እስከ ዛሬ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።