ለስምንት ግራም ሲባል

ጎረቤቴ ነህምያ ሆሳዕና ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ባለሙያ ነው። ዕድሜው ሠላሳ አራት፣ ባለትዳር። እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን የድምፅ ክፍሉን ይመራል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው የኃይሉ ጌም ቤት ተቀምጦ ሰው ላይ ይተኩሳል። በኮምፒውተር ማለቴ ነው። ችግሩ፣ እሱ ከሚገድለው እሱን የሚገድለው ሰው ይበዛ ነበር።

በተለይ አቢጋኤል። የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት፤ ነጭ ጋወኗን እንኳ ሳታወልቅ ትመጣና በአሥር ደቂቃ ውስጥ አሥራ አምስት ጊዜ ገድላው ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ነህምያ ይህን ለሦስት ወር ከታገሠ በኋላ ምክንያቱ ተገለጠለት፤ ማውሱ ከባድ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራው ማውስ መምረጥ ሆነ። የዓመት ፈቃድ የጠየቁ ሰዎች ፎርም ጠረጴዛው ላይ ሳምንት ያድራል፤ እሱ በስልኩ የማውስ ግምገማ ያያል። ገመድ ያለው አይሆንም፤ ገመዱ እጅ ይይዛል። ቻርጅ የሚደረገውም አይሆንም፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ የውስጡ ባትሪ ሲያረጅም ዕቃው እንዳለ ይጣላል። ስለዚህ ገመድ አልባ፣ ቀላል፣ ባትሪ ድንጋዩ የሚቀየር መሆን አለበት። እውነት ለመናገር፣ እዚህ ላይ አልተሳሳተም። ጥፋቱ ይህን ለመወሰን ሁለት ወር መፍጀቱ፣ ሁለቱንም ወር ደግሞ ሚስቱን በወሬው ማድረቁ ነው።

"ሐዳሳ፣ ይሄኛው እኮ ስድሳ ሁለት ግራም ነው፤ ያኛው ግን ሃምሳ ስምንት!"

ሐዳሳ አስተማሪ ናት፤ የሰባ ተማሪ ደብተር እያረመች ነበር። "አንተስ ስንት ኪሎ ነህ?" አለችው፣ ቀና ሳትል።

በመጨረሻ ሃምሳ ስምንት ግራሙን መረጠ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተላከለትና መናኸሪያ ሄዶ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ አመጣው። ቤት ገብቶ ባትሪ ድንጋይ ሲከትበት ግን ፊቱ ተለዋወጠ። ለካ ሃምሳ ስምንት የተባለው ያለ ባትሪው ነው።

ወዲያው ወርቅ ቤት ሮጦ ባትሪ ድንጋዩን አስመዘነ። ሃያ ሦስት ግራም። ወርቅ ሠሪው "ስንት ካራት ነው?" ብሎ ቀለደበት። ነህምያ አልሳቀም። ቅዳሜ ውድድር ነበረበት፤ አሸናፊው ዱራሜ ሄዶ ከተማችንን ወክሎ ይጫወታል።

የቤተ ክርስቲያኑ ማይክ ትዝ ያለው ይሄኔ ነው። ለሰባኪው ገመድ አልባ ማይክ ከውጭ የመጡ እንግዶች የሰጡን ሊቲየም ባትሪ ድንጋዮች ነበሩ፤ ብርቱዎች፣ እያንዳንዳቸውም አሥራ አምስት ግራም ብቻ። በስምንት ግራም ይቀላሉ ማለት ነው። የቀሩት ሁለት ሲሆኑ፣ ሁለቱም ማይኩ ውስጥ ናቸው። ማይኩ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ቁልፍ ደግሞ በእሱ እጅ ነው። አንዱን ለማውሱ፣ አንዱን ለመጠባበቂያ ወሰደ፤ በምትካቸው ከቤቱ ሬዲዮ ያወለቃቸውን አሮጌዎች ከተተ። "እሑድ በጠዋት እመልሳቸዋለሁ" አለ ለራሱ።

ቅዳሜ ፍጻሜ ድረስ ደረሰ። ፍጻሜው ላይ አቢጋኤል ተቀምጣ ጠበቀችው፤ የያዘችው የጌም ቤቱን ባለ ገመድ ማውስ ነበር፣ የተሰነጠቀው ጎኑ በቁስል ፕላስተር ተጠግኖ። አሥራ አምስት ለአራት አሸነፈችው።

"ማውስህ ያምራል" አለችው እየተነሣች። "ስንት ግራም ነው?"

"ሰባ ሦስት፤ ከነባትሪው።"

"የኔን መዝኜው አላውቅም" ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ነህምያ በንዴት ባትሪዎቹን ረሳቸው። እሑድ ከጊምቢቹ የተጋበዙ መጋቢ መድረክ ላይ ወጡ። ስብከታቸው እየጋለ፣ ሕዝቡ ወደ ወንበሩ ጠርዝ እየተጠጋ ሄደና "ጌታ ዛሬ ለዚህች ከተማ የሚለው አንድ ነገር ቢኖር..." ሲሉ ማይኩ ሞተ። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ነህምያ ሚክሰሩ ላይ ያለውን ቁልፍ ሁሉ እያሽከረከረ በላብ ተጠመቀ። ጌታ ለሆሳዕና ያለውን እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ከአምልኮው በኋላ ሽማግሌዎች አስቀመጡት። ሰብሳቢው ጋሽ ጠና የዛገውን የሬዲዮ ባትሪ መዳፋቸው ላይ ይዘው፣

"ወንድም ነህምያ፣ ደህናዎቹ የት ሄዱ?" አሉት።

"አንዱ ማውሴ ውስጥ ነው፣ ጋሽ ጠና፤ ሌላው መጠባበቂያው ነው።"

"ማውስ ምንድን ነው?"

አጠገባቸው የተቀመጡት ሽማግሌ ጎንበስ ብለው "በእንግሊዝኛ አይጥ ማለት ነው" አሏቸው።

ጋሽ ጠና መነጽራቸውን አወለቁ። "አይጡ በባትሪ ነው የሚሄደው?"

"እንዲቀል ብዬ ነው፣ ጋሽ ጠና። በስምንት ግራም..."

"እንግዲህ የእግዚአብሔርን ቃል ለስምንት ግራም ሸጥከው።"

ከድምፅ ክፍሉ ለስድስት ወር ታገደና ወንበር ደርዳሪ ሆነ። በጉባኤ ፊትም ይቅርታ እንዲጠይቅ ተወሰነ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ተናገረ፤ ሦስቱ ይቅርታ፣ ዘጠኙ ስለ ሊቲየም ነበር። ጋሽ ጠና ራሳቸው ተነሥተው እጁን ይዘው አወረዱት። ያም ሆኖ ሁለት ወጣቶች በር ላይ ጠብቀው የትኛው ማውስ እንደሚሻላቸው ሲጠይቁት አየሁ። እንደዚያን ቀን ፊቱ ሲበራ አላየሁም።

አቢጋኤል የሥራ ተራዋ ስለገጠመባት ዱራሜ የሄደው ሁለተኛ የወጣው ነህምያ ሆነ። በመጀመሪያው ዙር ተሰናብቶ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ገባ።

"እንዴት ሆነልህ?" አለችው ሐዳሳ።

"ጠረጴዛቸው ከፍ ያለ ነው" አላት። "ክርኔን ሰቀለብኝ።"

በማግስቱ ጠዋት የቤቱን ጠረጴዛ ሊለካ ሜትር ልዋስ ብሎ በሬን አንኳኳ። ሜትሩ ከበሩ አጠገብ ተሰቅሎ ይታያል። የለኝም አልኩት።