እናቴ ጎተራ የምትለው ጋራዥ

የጤፍ ዱቄትና ዝናብ ያራሰው ካርቶን አንድ ላይ ሲሸቱኝ፣ ዛሬም ቡሪየን በምትባል የስደት ከተማ በነበረው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ የቆምኩ ይመስለኛል። እናቴ ጋራዥ ብላው አታውቅም፤ ጎተራ ነበር የምትለው። የጤፉን ከረጢት፣ የሽሮውን ባልዲ፣ የበርበሬውን ጣሳ ደርድራ ትቆልፍበት ነበር፣ የአባቴ መኪና ክረምት ከበጋ ውጭ ያድር ነበር። እኔና እህቴ ብስክሌታችንን እየጎተትን ስንገባ ደግሞ አባቴ «አሁንስ በረት ሆነ» እያለ ይስቅብን ነበር። ትምህርት ቤት «ባርን» የሚሉትን የገበሬ የእህልና የከብት ቤት ሳሉ ስንባል፣ ሌሎቹ ቀይ ቤትና ላም ሲስሉ፣ እኔ የጋራዣችንን ከረጢትና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ስዬ ገባሁ።

ከእህቴ ጋር አንድ አልጋ ላይ መተኛት ሰልችቶኝ ስለነበር፣ ያን ቦታ ክፍሌ እንድታደርግልኝ እናቴን ስለምናት ከረምኩ። «እህሉ የት ይደር ልጄ?» ትለኝ ነበር።

ቅጠሉ ረግፎ ዝናቡ ሲጠና፣ የእናቴ ታናሽ እህት ሰዓዳ ዲቪ ደርሷት ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ከደሴ መጣች። እናቴ ጎተራዋን በአንድ ቀን ባዶ አደረገችው፤ ከረጢቱ ሳሎን ገባ፣ በርበሬው አልጋችን ስር ተሸጎጠ፣ ወለሉ ላይ ፍራሽ ተነጠፈ። ለእኔ የጠበበ ለእነሱ እንዴት ሰፋ ብዬ ሆድ ባሰኝ፣ እራትም አልበላም አልኩ። እናቴ አልተቆጣችኝም፤ አጠገቤ ተቀምጣ ፀጉሬን እየደባበሰች፣ «እኔ ስመጣ ማረፊያ አጥቼ ከሰው ቤት ሰው ቤት ተንከራትቻለሁ። ሰዓዳ እንደዚያ አትሆንም። ገባሽ?» አለችኝ።

«ኦኬ ማሚ» አልኳት፣ ፊቴን ሳላዞር።

ከግድግዳው ወዲያ ግን ሳቃቸው ይሰማኝ ነበር። ጥቂት ቀን ታግሼ ብርድ ልብሴን ይዤ ገባሁባቸው፣ እህቴም ተከተለችኝ፤ ያን የብርድ ወራት የጤፍ ብናኝ እያስነጠሰን ተቃቅፈን አሳለፍነው።

ብርዱ አልፎ ፀሐይ ሲወጣ አክስቴ ፌደራል ዌይ የሚባል ከተማ አፓርትመንት አግኝታ ልጆቿን ይዛ ሄደች። እናቴ ጠርታኝ፣ «በይ፣ አሁን ክፍሉን ውሰጂው» አለችኝ። ባዶውን ወለል አይቼ አለቀስኩ። ከረጢቶቹን አብረን መለስናቸው።

አሁን ሬድመንድ ውስጥ ከዚያ የሚሰፋ ጋራዥ አለኝ፤ ከመኪናዬ በቀር ማንም አድሮበት አያውቅም፣ ሽታውም የሳሙና ብቻ ነው። በቀደም እናቴ ኮል አድርጋ፣ የአባቴ እህት ልጅ ከነቤተሰቧ ከአገር ቤት ልትመጣ መሆኗን ነገረችኝ። ቅዳሜ የጋራዡን ወለል ስጠርግ ልጄ በሩ ላይ ቆሞ፣ መኪናው የት ሊገባ ነው ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ።

«ውጭ ያድራል» አልኩት።