ሰዒድ ሌት ይመጣል

ልጅ እያለሁ ከጀውሃ እስከ ካራቆሬ ባለው ቆላ እንደ እኔ ያለ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጸሐፊ አልነበረም። ጉራ እንዳይመስላችሁ ልል ነበር፤ ጉራ ነው። የደሴ አውቶቡስ ሸዋሮቢት ሲቆም ተሳፋሪው የሚወርደው ማንጎ ሊገዛ ሳይሆን እኔን ሊያይ ነበር ብል ዛሬ የሚያስተባብለኝ አይገኝም። እውነቱን ካላችሁ ግን የማውቀው ደብዳቤ አንድ ብቻ ነው። እሱም የእኔ አይደለም፤ በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ አንድ ተማሪ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሲያመለክት የሚያሳይ ናሙና ነበር። ከ«ዲር ሰር» እስከ «ዩርስ ፌዝፉሊ» አንዲት ነጥብ ሳላዛንፍ በቃሌ እወጣው ነበር።

እንግሊዝኛ ያስተማሩን ቲቸር ንጉሤ ናቸው። በዚያ ድንጋይ በሚያቀልጥ ሙቀት ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን «ዩ» ማለት አንተም፣ አንቺም፣ አንቱም ነው ሲሉን ክፍሉ ተንጫጫ። ዳኛውንም አህያውንም በአንድ ቃል መጥራት! ታዲያ ፈረንጅ ትልቅ ሰውን በምን ያከብራል ብዬ ጠየቅኳቸው።

«በዙሪያው ይዞራል» አሉኝ። «ስጠኝ አይልም፤ ብትሰጠኝ ደስታዬ ወሰን የለውም ይላል። አልሰጥህም አይልም፤ እጅግ አዝናለሁ ይላል።»

ዙሪያ መዞር ደግሞ ለእኔ የተፈጠረ ሙያ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴን ዳቦ ስለምን እንኳ ሦስት መስመር ያህል መግቢያ አበጅ ጀመር። በትምህርት ቤቱ መስኮት የሽንኩርትና የትምባሆ ቅጠል ሽታ በትኩስ ንፋስ ታጭቆ ሲገባ፣ እኔ ደብተሬ ላይ ጎንበስ ብዬ «አይ ሃቭ ዘ ኦነር» እያልኩ ለማላውቀው ሰው ክብር እሰጥ ነበር።

እትዬ እያልን በአንቺ የምንጠራት ጎረቤታችን ዘሃራ መናኸሪያው በር ላይ ፓፓያ ትሸጥ ነበር። ያላት አንድ ልጅ ሰዒድ ነው። ሮቢ ወንዝ ውስጥ ዋና ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ከውሃው ሲወጣ እንደ ውሻ ራሱን አራግፎ እኛን ያጠምቀን ነበር። ጢም ማብቀል ሲጀምር አዋሽ ማዶ ፈረንጆች መንገድ ወደሚሠሩበት ካምፕ ለሥራ ሄደ። በየሾፌሩ ለእናቱ ሰላምታ ይልክ የነበረው ልጅ ድንገት ጠፋ። ሾፌሮቹም የካምፑ ቢሮ የሚቀበለው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ብቻ ነው አሉ። ስለዚህ እትዬ ዘሃራ ወደ እኔ መጣች።

«ልጄ ዘገየብኝ በልልኝ። ደህና መሆኑን ይንገሩኝ በል። ደግሞ በአንቱ በል፤ እንዳትዳፈራቸው» አለችኝ።

እኔ ናሙናዬን አወጣሁ። ተማሪው እዚያ ላይ ስለ አባቱ ሲጽፍ «ማይ ሌት ፋዘር» ይላል። መዝገበ ቃላቱን ገልጬ «ሌት»ን ፈለግኩና የመጀመሪያውን ትርጉም አነበብኩ፤ ዘግይቶ የመጣ። የልጁ አባት ከገበያ ሲመለስ የሚያመሽ ሰው ነው ማለት ነው ብዬ ቀጣዮቹን ትርጉሞች ተውኳቸው። አባትን አውጥቼ ልጅን ከተትኩ። «ማይ ሌት ሰን ሰዒድ።» በአፍንጫዬ እየጎተትኩ ሳነብላት እትዬ ዘሃራ የያዘችው «ሌት» እና «ሰዒድ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ ነው።

«ሌት ነው የሚመጣው?» አለችኝ።

እንደሱ ማለት አይደለም ብዬ እየሳቅኩ አስረዳኋት። አልሰማችኝም ወይም መስማት አልፈለገችም። ያን ዕለት ማታ በሯ ላይ ፋኖስ ተንጠልጥሎ አየሁ።

መልሱን አንድ ሾፌር አመጣው። በታይፕ የተመታ፣ ማኅተም ያለበት ነው። «ዊ አር ዲፕሊ ሶሪ» የሚለውን ሳይ ልቤ በደስታ ጨፈረ፤ ቲቸር የነገሩኝ ጨዋነት ማለት ይኸው። መናኸሪያው መሐል ቆሜ ጮክ ብዬ ሳነብ ቲቸር ንጉሤ ሲያልፉ ሰሙኝና ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ። አነበቡ። የአንገታቸውን ቁልፍ ፈቱ። ያንን ቁልፍ ሲፈቱ ማንም አይቶ አያውቅም፤ እትዬ ዘሃራ ብድግ አለች።

«ያንብቡልኝ።»

በልጅዎ በሰዒድ ሞት እጅግ አዝነናል፤ ከእኛ ዘንድ በሰላም ተሰናብቶ ነበር የወጣው ይላል ብለው ተረጎሙላት። የሻጮቹ ዋይታ መናኸሪያውን ሞላው፤ ፓፓያው መንገዱ ላይ ተንከባለለ። ቲቸር እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸውና ምን ብለህ ጻፍክ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። በቃሌ ወጣሁላቸው፤ መቼም በቃል መውጣት እችላለሁ። የለስላሳ ሣጥን ላይ ቁጭ አሉ።

«ፈረንጅ እዚህም ላይ ዞሯል» አሉ ቀስ ብለው። «እኛ አረፈ እንደምንለው፣ የሞተውን ሰው ሌት ይለዋል።»

እትዬ ዘሃራ ነጠላዋን አስተካከለች። «እንግዲያ ሞተ ያልናቸው እኛ ነን?»

«አዎን።»

«እነሱ ጋ ግን የለም።»

«የለም፤ ወጥቷል።»

«ታዲያ መንገድ ላይ ነዋ» አለች። «ኢንሻአላህ ሌት ይመጣል።» ጎንበስ ብላ ፓፓያዋን ትለቅም ጀመር። ቲቸር ዙሪያ የማይዞር የእርማት ደብዳቤ ጻፉ። ሾፌሩ ካምፑ ተነሥቷል ብሎ ሳይከፈት መለሰው።

ሰዒድ አልመጣም።

ዛሬ አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል። ያኔ ስንት ላብ ያፈሰስንበትን ጨዋ ዐረፍተ ነገር አሁን ስልኩ ራሱ ሳይጠየቅ ይደረድረዋል። ወጣቶቹ በየኢሜይሉ «ሶሪ ፎር ዘ ሌት ሪፕላይ» ይላሉ። መልሱ ዘገየ ማለታቸው ነው፤ አውቃለሁ። ግን ቃሉ ስክሪኑ ላይ በወጣ ቁጥር አንድ እርጥብ ልጅ ከጀርባዬ ራሱን ሲያራግፍ ይሰማኛል፤ አንገቴን እጠርጋለሁ፤ ደረቅ ነው።

እትዬ ዘሃራ አርጅታለች። ፋኖሱ በአምፖል ተተክቷል፤ ሌትም ቀንም ይበራል። አንድ ዓመት ለበዓል ስሄድ በሯ ላይ አገኘችኝና እጄን ያዘችው።

«አንተ ታውቃለህ። ሰዒድ ዘገየ አይደል?»

«አዎ እትዬ፣ ዘገየ» አልኳት። በየትኛው ቋንቋ እንደመለስኩላት እኔም አላወቅኩም።

ከዚያ ወዲህ አገሬ ስገባ ከመናኸሪያው ባጃጅ እይዝና በዚያ ሁሉ ሙቀት ግራና ቀኙን ሸራ አስወርዳለሁ። ሾፌሩ ምነው ጋሼ ሲለኝ አቧራ አይስማማኝም እለዋለሁ። አቧራ ይስማማኛል። እትዬ ዘሃራ በሯ ላይ አይታኝ ያንኑ እንዳትጠይቀኝ ፈርቼ ነው።