የባሕር አንበጣ

ባለፈው ክረምት የሆነ ነው። ዛሬም አንበጣ የሚል ቃል ስሰማ ዞር ብዬ ሚስቴን አያለሁ።

የባለቤቴ የአስቴር ወንድም የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ዲላ እኛ ቤት ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም። ያን ቀን በፌስታል የደረቀ ነገር ይዞ መጣ፤ ቀላ ያለ፣ ጎባጣ፣ ጢማም። ምንድን ነው ስንለው «የባሕር አንበጣ» ብሎ ሳቀ። ባሕሩ ዳር፣ ጨዋማው ጭቃ ላይ በመረብ እንደሚይዙት ነግሮን፣ ቡና ሊጭን ወደ ይርጋጨፌ ሄደ።

አስቴር በቲማቲም ሠራችው። እኔ ጢም ያለው ነገር አልበላም አልኩ። እሷ ግን ወንድሟ ያመጣውን እንዴት ትናቅ? በላች። ብዙም ሳይቆይ ከንፈሯ አበጠ፣ ገላዋ ሽፍ አለ፣ ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር። ምን በላች ማለታቸው አይቀርም ብዬ ያልተሠራውን ከነፌስታሉ ኪሴ ከትቼ በባጃጅ ሆስፒታል አደረስኳት።

ካርድ አውጥቼ ስመለስ ነርሷ የሆድ ማጠቢያ ቱቦ ታዘጋጃለች። አስቴር ዓይኗ ፈጦ አየር ትፈልጋለች።

«አንበጣ በላሁ ብላ ድምጿ ተዘጋ» አለችኝ ነርሷ። «መድኃኒት የተረጨበት ነው?»

ክው አልኩ። እውነቷን ነው፤ እኛ አገር አንበጣ ሲባል መርዝ የሚረጭበት ያ ነው የሚታሰበው።

«ሲስተር፣ የኛው አንበጣ አይደለም» ብዬ ፌስታሉን ዘረገፍኩት። አስቴርን ሊያይ የገባው ሐኪም አንዷን አንስቶ ገለባበጣት። ክንፍ የላትም። ጭራዋ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ነው።

«የት ነው የሚኖረው?» አለኝ።

«ባሕር ዳር።»

«ጣና ላይ?»

ጌታ ሆይ! «አይ፣ ጅቡቲ፤ ጨው ውሃው ዳር» አልኩ።

«ሽሪምፕ ነው። አለርጂ ነው፣ ቱቦውን ተዪው» አለና አድሬናሊን ጭኗ ላይ ወጋት።

ደረቷን እያየሁ ቆምኩ። ፉጨቱ ቀስ በቀስ ረገበ። ድምጿ ሲመለስ መጀመሪያ ያለችኝ «ወንድሜን እንዳትቆጣው» ነው። ያኔ አለቀስኩ።

አልተቆጣሁትም ብል ውሸት ነው። የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው፤ «የባሕር» የምትለዋ አንዲት ቃል በመጉደሏ ሚስቴ ልታመልጠኝ ነበር።

ዛሬም ከጅቡቲ ይደውላል፣ ምን ላምጣ ይላል። ስሙን የማውቀውን አምጣ እለዋለሁ። ቴምር ያመጣል። ቴምር መሆኑን እያወቅሁም አስቴር እስክትውጥ ድረስ ዓይኔ ከአፏ አይነሳም።