ድምፄን ለማንም አፍ አላውስም

አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ዘፋኝ ነኝ። ይህን ስል የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። ሮም ውስጥ ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ ባዳንቴ ነኝ እላለሁ፤ ቶር ፒኛታራ የሚባል ሰፈር ዘጠና ዓመት ያለፋቸውን ጣሊያናዊት አሮጊት አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ አስተኛለሁ። እሱ እንጀራዬ ነው። ማን ነሽ ላለኝ ግን መልሴ ሌላ ነው። አዲስ አበባ፣ ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር ስዘፍን፣ ማይኩ ቢጠፋ እንኳ መጨረሻ ወንበር ድረስ እሰማ ነበር።

እንግሊዛዊቷን ወዳጄን ያገኘኋት ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። የጓደኛዬ ልጅ ክርስትና ነበርና ጭፈራው ሲደምቅ አላስችል ብሎኝ ተነሥቼ ዘፈንኩ። ጥግ ላይ ሽሮዋን በሹካ የምትበላ ነጭ ሴትዮ ሹካዋን አስቀምጣ ታየኛለች። ስጨርስ መጥታ እጄን ያዘችና፣ ከኔ በማይሻል ጣሊያንኛ፣ "ይህ ድምፅ እስካሁን የት ነበር?" አለችኝ። "ጉሮሮዬ ውስጥ ነዋ!" አልኳት። ሳቀች። በዚያው ተዋወቅን።

በወጣትነቷ አገር ያወቃት የፖፕ ዘፋኝ ነበረች። ጎረምሳው ሁሉ ፎቶዋን ግድግዳ ላይ ይለጥፍ ነበር አሉ። አሁን ከስድሳ አልፋ፣ ፀጉሯን አጭር ተቆርጣ፣ ፒኜቶ ሰፈር ምድር ቤት ውስጥ ስቱዲዮ ከፍታ የሌሎችን ዘፈን ትሠራለች፤ ፕሮዲውሰር ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ አንቱ ልላት ሞክሬ ነበር፤ "እባክሽ አታስረጂኝ" ብላ ከለከለችኝ።

መዝፈን ለምን እንዳቆመች ራሷ ነገረችኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከጫማ መደብር አውጥተው ዘፋኝ አደረጓት። ያ ዓለም የጨፈረበት ዘፈን ግን ድምፁ የሷ አይደለም! ሌላ ሴት ስቱዲዮ ገብታ ዘፍናዋለች፤ እሷ ቴሌቪዥን ላይ አፏን እያንቀሳቀሰች ትወዛወዛለች። ሴትዮዋን ወፍራም ናት፣ ዕድሜዋም ገፍቷል ብለው ደበቋት። "ሁለት ዓመት የሰው ድምፅ ለብሼ ኖርኩ" አለችኝ። ከዚያ በቃኝ ብላ መድረኩን ተወች። ወንዶቹ እየሳቁባት፣ ኬብል እየጠቀለለች የቀረጻ ሥራ ተማረች። የራሷን ስቱዲዮ ስትከፍት፣ እዚህ ቤት ማንም በሌላ ሰው ድምፅ አይነግድም ብላ ማለች። ይህን ስሰማ ወደድኳት። የኔ ቢጤ እልኸኛ አገኘሁ አልኩ።

ሐሙስ ከሰዓት ዕረፍቴ ስለሆነ፣ ሐሙስ ሐሙስ በሜትሮ እየሄድኩ አንድ ዘፈን ቀረጽን። ግጥሙም ዜማውም የኔ ነው። እናቴ ስትሞት የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሜሶዬ፣ ገና አልታደሰም ነበር፤ ሄጄ አልቀበርኳትም። መርዶዋን የሰማሁት የሰው እናት ገላ እያጠብኩ ነው። እጄን አድርቄ ሳላለቅስ አሮጊቷን አለበስኳቸው፤ ምን ላድርግ? ያን ነው የዘፈንኩት። ስንቀርጽ ሆዴ ባብቶ ድምፄ ተቆራረጠ። እንድገመው ስላት "እንዳትነኪው!" አለችኝ።

ከዚያ በአንዱ ሐሙስ ስገባ የሃያ ዓመት ልጅ ተቀምጣ አገኘሁ። የሐበሻ ልጅ ናት፤ ሮም ተወልዳ ያደገች፣ ቆንጆ፣ በስልክ ብዙ ተከታይ ያላት። "ጤና ይስጥልኝ" ስትለኝ አማርኛዋ አለቀ። እንግሊዛዊቷ ደግሞ ዓይኔን አታይም።

"አሎራ፣ እንግዲህ" አለች፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፤ "ዘፈኑን የሚያሳትመው ኩባንያ ወዶታል። ድምፁንም ወደውታል። ቪዲዮው ላይ ግን እሷ ትሁን ብለዋል። ስሙም የሷ እንዲሆን።"

"ድምፁስ?"

"ያንቺው ነው። እሷ አፏን ታንቀሳቅሳለች።"

"እናቴን እኮ ነው!" ብዬ ጮኽኩ። "የኔን እናት እሷ ናት የምታለቅስላት?"

ልጅቷ ደንግጣ ተነሣች። "ዚያ፣ ይህን አልነገሩኝም" አለች በጣሊያንኛ፣ አክስቴ ማለቷ ነው፤ "እኔ የምዘፍን መስሎኝ ነው።" ዓይኗ እንባ ሞልቶ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። በሷ አልተናደድኩም፤ ደሜ የፈላው በወዳጄ ነው።

"ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው" አለችኝ እንግሊዛዊቷ። "ከዚህ በኋላ በር ይከፈትልሻል።"

"ላንቺ የዘፈነችልሽ ሴትዮ በር ተከፈተላት?"

ፊቷን ወደ ማሽኖቿ አዞረች።

"ስሟ ማን ነበር?"

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ የሚሰማ ነገር ግን የለም። በመጨረሻ "አላውቅም" አለች። "ጠይቄም አላውቅ።"

ወይ ጉድ! አርባ ዓመት ሙሉ የሴትዮዋን ነገር ለቀረባት ሁሉ ታወራለች፤ ስሟን ግን አንድ ቀን አልጠየቀችም። ውሉ ጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ ተደርጎበት ይጠብቀኛል። እኔ ልፈርም? ወይ ፍንክች! ኮቴን አንሥቼ ወጣሁ።

ጀግና ነበርኩ ብዬ አላወራም። ሜትሮ ውስጥ ሰው እያየኝ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። በአርባ ስድስት ዓመት ስንት ዕድል ይመጣል? ጓደኞቼም አልማሩኝም፤ "አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ፤ ድምፅሽ ከተሰማ አይበቃም?" አሉኝ። አይበቃም! የሰው ገላ ሳጥብ ስሜን የሚጠይቀኝ የለም፤ ችዬዋለሁ። እናቴን ሳለቅስ ግን ማን እንደሆንኩ ይታወቅ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ለአሮጊቷ የምሳ ሾርባቸውን ሳጎርስ እንግሊዛዊቷ ደወለች። "አገኘኋት" አለችኝ። አገሯ ደውላ፣ አፈላልጋ የሴትዮዋን ልጅ አግኝታለች። ሴትዮዋ ሞታለች። ስሟን እያለቀሰች ነገረችኝ። ከዚያ ኩባንያውን እንደተወችው፣ ዘፈኔን በራሴ ስምና በራሴ ፊት ራሷ ልታወጣው ፈልጋ አዲስ ውል እንዳዘጋጀች ነገረችኝ። ልቤ ዘለለ፤ አልዋሽም።

"መጀመሪያ የሟቿን ስም በዚያ በድሮው ዘፈን ላይ ጻፊ" አልኳት።

"አገር ሁሉ አውቆ ሌባ ይለኛል እኮ!"

"ይበልሽ" አልኩና ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ስሙን እዚህ የማልጽፈው ረስቼው አይደለም፤ ጽፋ የምታወጣው እሷ ስለሆነች ነው። ሐሙስ ሐሙስ እደውልላታለሁ። "ጻፍሽው?" እላታለሁ። "ገና" ትለኛለች። እኔም ገና አልፈረምኩም።